ጀርባቸውን ለማዕበሉ ሰጥተው፦ አራት ቀን ከጥንት የነፍስ አድን ጀልባዎች ጋር

ሐሙስ፣ ሳውዝ ሺልድስ

የእህቴ ልጅ ሊድስ መጥቶ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ባሕር ዳር ተወልዶ ጣና ዳር ያደገ፣ ብስክሌት ሳይነዳ ታንኳ መግፋት የለመደ ልጅ ነው። እንግሊዝ የገባው ከፈረንሳይዋ ካሌ በኩል በጎማ ጀልባ ነው። መሀል ባሕር ላይ ሞተራቸው ጠፋ፤ ከታች ሰማያዊ ከላይ ብርቱካናማ የተቀባ ትልቅ ጀልባ መጥቶ አወጣቸው። እስከዚህ ነግሮኛል። ከዚህ ያለፈ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። በ2021 ኅዳር ላይ እዚያው ባሕር ላይ ቢያንስ 27 ሰው ሲያልቅ የእኛም አገር ልጆች ነበሩበት፤ ይህን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለመጠየቅ አይቸኩልም።

ታዲያ ባለፈው የብርድ ወራት አንድ ማታ እራት ላይ ሳለን፣ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ "ጋሼ፣ ድሮ ሞተር ሳይኖር እነዚህ ሰዎች በምን ነበር ሰው የሚያወጡት?" አለኝ። እኔ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ፤ ስለ ባሕር የማውቀው ለዓሣና ለቺፕስ ስንሄድ ያየሁትን ብቻ ነው። ትንሽ አነበብኩ፤ ማንበቡ ጎትቶኝ ሄደ፤ የዓመት ፈቃዴ ሲደርስ ሁለታችንም ሻንጣ ይዘን ባቡር ላይ ተገኘን። (ዓመቶቹን የማነሣው ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ከኒውካስል በሜትሮ ግማሽ ሰዓት ያህል ተጉዘን ሳውዝ ሺልድስ ወረድን። ኦሽን ሮድ የሚባለውን ረጅም መንገድ እስከ መጨረሻው ተከትሎ ባሕሩ አጠገብ የደረሰ ሰው አንድ የሰዓት ማማ ያገኛል፤ ከማማው ጎን የብረት ጣሪያ አለ፤ ከጣሪያው ሥር ጀልባ ቆሟል። ትኬት ቆራጭ የለም፣ ዘበኛ የለም። ሰዎች ውሻቸውን እየሳቡ፣ አይስክሬም እየላሱ ያልፉታል። ጀልባው "ታይን" ይባላል፤ በ1833 ነው የተሠራው። በአገልግሎት ዘመኑ 1,028 ነፍስ እንዳዳነ ይነገርለታል። ቁጥሩን ሳነብለት የእህቴ ልጅ "አንድ ሺህ?" ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ።

ነገሩ የተጀመረው ግን ከዚህ ጀልባ በፊት ነው። በ1789 "አድቬንቸር" የምትባል የኒውካስል መርከብ በታይን ወንዝ አፍ ላይ ካለው አሸዋ ላይ ተቀረቀረች። ከባሕሩ ዳር ያለው ርቀት ከሦስት መቶ ሜትር አይበልጥም ነበር፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቆሞ ያያል። መርከበኞቹ ገመዱ ላይ ተንጠልጥለው ቆይተው እጃቸው ሲዝል አንድ በአንድ ወደቁ። በዚያ ማዕበል ጀልባ ይዞ መግባት ራስን መግደል ስለነበረ የሞከረ ሰው አልነበረም። ሰው ተጠርቶ እስኪሰማ ድረስ ቅርብ ሆኖ ሲሞት ያየ ከተማ እንዴት እንቅልፍ ይተኛል? የከተማው ባለሀብቶች ተሰብስበው፣ ማዕበል የማይሰብረው ጀልባ ሞዴል ሠርቶ ለሚያመጣ ሁለት ጊኒ (የዚያ ዘመን የወርቅ ገንዘብ ነው) እንሰጣለን ብለው አስነገሩ።

ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ዊልያም ዉድሃቭ የሚባል ድሃ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ነበር። ስለ እሱ የሚነገረውን ወድጄዋለሁ፦ አንዲት ሴት ከጉድጓድ ውኃ ስትቀዳ ሊያግዛት ጎንበስ ሲል፣ ውኃው ላይ የተሰበረ የእንጨት ሳሕን ቁራጭ ተንሳፍፎ አየ። ቢገለብጠው ይቃናል፤ ቢያዞረው ተመልሶ ይቃናል። ቅል ለሁለት ከፍሎ ውኃ ላይ የጣለ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ እሱ ግን ቤቱ ገብቶ ከቆርቆሮ ሲገለበጥ ራሱ የሚቃና ጀልባ ሠራ። ዳኞቹ ሙሉውን ሽልማት ነፍገው አንድ ጊኒ ብቻ ቢሰጡት ተቆጥቶ መለሰላቸው ይባላል። ሥራውን የያዘው ጀልባ ሠሪው ሄንሪ ግሬትሄድ ሆነ። የእሱ ጀልባ ራሱን አያቃናም፤ ግን በጎኑ ዙሪያ ወፍራም ቡሽ ስለተደረገበት በቀላሉ አይሰጥምም። ጥር 30 ቀን 1790 ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥቶ ሰው አወጣ። በ1802 ፓርላማው ለግሬትሄድ 1,200 ፓውንድ ሸለመው። ዉድሃቭ በ1821 በድህነቱ ሞተ፤ የመቃብር ድንጋዩ ግን የነፍስ አድን ጀልባ ፈልሳፊ እሱ ነው ይላል። ከታይን አጠገብ ያለው የሰዓት ማማ በ1890 ሲሠራ የሁለቱንም መታሰቢያ አንድ ላይ አድርገው ገላገሉት። ከማን ጋር እንደምወግን ለአንባቢ መንገር ያለብኝ አይመስለኝም።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ስተርክለት ጀልባዋን እየዞረ ያያት ነበር። ጣና ላይ ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለሆነ ውኃ ቢገባበትም አይሰጥም። ቡሹን ሲያይ ወዲያው ገባው። "ያው ደንገል ነው" አለ። ቀጥሎ ግን ቆም ብሎ የቀዛፊዎቹን መቀመጫ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

"ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች የሚሄዱበትን አያዩም ማለት ነው?"

እውነቱን ነው። ታንኳ ላይ ሰው ፊቱን ወደሚሄድበት አድርጎ ቀርከሃውን ግራ ቀኝ ያጠልቃል። እነዚህ ግን መቅዘፊያውን ወደ ደረታቸው ስለሚስቡ ጀርባቸው ወደ ባሕሩ፣ ፊታቸው ወደ ተዉት መሬት ነው። የሚመጣውን ማዕበል የሚያየው ከኋላ በኩል ቆሞ ረጅሙን መቅዘፊያ እንደ መሪ የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌሎቹ የሚያዩት ዳር ላይ የቆሙትን ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን፣ ከነሱ ወዲህ ደግሞ የመሪውን ፊት ነው። ማዕበሉ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ከእሱ ፊት ያነባሉ።

ማታ ኦሽን ሮድ ላይ ካሉት የሕንድ ምግብ ቤቶች አንዱ ገብተን በላን። ይህች ከተማ ከጥንት ጀምሮ የየመን መርከበኞች መኖሪያ ናት፤ መሐመድ ዓሊ በ1977 መጥቶ ትዳሩን ያስባረከበት መስጊድም እዚሁ ነው። ከቀይ ባሕር ማዶ የመጡ የድንጋይ ከሰል አቀጣጣዮች ከእኛ በፊት መቶ ዓመት ቀድመው እዚህ ቀዝቅዟቸው እንደነበር ሳስብ ብርዱ ትንሽ ቀለለኝ።

ዓርብ፣ ሬድካር

ጠዋት ባቡር ቀየርን፤ ሚድልስብሮ ላይ ልንሳሳት ተቃርበን ነበር። ሹፌር ሆኖ በሌላ ሰው የጉዞ ሰሌዳ መሄድ ከባድ ነው፤ የእህቴ ልጅ ሲስቅብኝ ዋለ።

ሬድካር ድሮ የብረት ከተማ ነበረች፤ ማቅለጫው በ2015 ተዘጋ። አሁን ባሕሩ ላይ 27 የነፋስ ተርባይኖች ተደርድረው ይዞራሉ፤ ዳር ዳሩን ደግሞ "ሌመን ቶፕ" የሚሉት፣ ነጭ አይስክሬም አናቱ ላይ ቢጫ የሎሚ ክብ የተደረገበት ነገር ይሸጣል። ከአይስክሬሙ ሱቆች እልፍ ሲል በ1877 የተሠራ አንድ ትንሽ የጡብ ቤት አለ። እዚያ ውስጥ ነው "ዜትላንድ" ያለችው፤ በዓለም ላይ ከቀሩት የነፍስ አድን ጀልባዎች ሁሉ አንጋፋዋ።

በሩን አልፈን ስንገባ ከአፌ የወጣው "ይህችን ያህል ብቻ?" የሚል ነበር። ርዝመቷ ዘጠኝ ሜትር፣ ወርዷ ሦስት ሜትር ያህል ነው። እኔ በየቀኑ የምነዳው አውቶቡስ ይበልጣታል። ግሬትሄድ ራሱ ሳውዝ ሺልድስ ላይ የሠራት ሲሆን፣ ከሠራቸው 31 ጀልባዎች አሥራ አንደኛዋ ናት፤ ሬድካር የደረሰችው ጥቅምት 7 ቀን 1802 ነው። ሳንቃዎቿ አንዱ በአንዱ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበው ተቸንክረዋል። ፊትና ኋላዋ አይለይም፤ ሁለቱም ጫፍ ሹል ነው፤ ሁለቱም ላይ መሪ መቅዘፊያ ይገባል። ማዕበል ውስጥ ጀልባ ማዞር ማለት ጎንን ለሞት መስጠት ስለሆነ፣ መመለስ ሲያስፈልግ ጀልባዋ አትዞርም። ሰዎቹ ዞረው ይቀመጣሉ።

ቤቱን የሚጠብቁት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የዕለቱ ተረኛ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ የእህቴ ልጅ ጎንበስ ብሎ ከወለሉ ሥር ሲያይ ቀርበው ምን እንደሚፈልግ ጠየቁት። በተሰባበረ እንግሊዝኛው "ውኃው በየት ይወጣል?" አላቸው። ሰውየው ደስ ሲላቸው ታየኝ፤ ይህን የሚጠይቅ ጎብኚ ብዙ አያገኙም መሰለኝ። ወለሉ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች አሳዩት። ጀልባዋ ዙሪያዋን በቡሽ ስለምትንሳፈፍ ማዕበል ቢሞላባትም አትሰጥምም፤ የገባው ውኃ በቀዳዳዎቹ ወደ ታች ይወርዳል። ታንኳም ላይ እንዲሁ ነው፤ ደንገሉ መሀል የገባ ውኃ በራሱ ሾልኮ ይሄዳል። ሁለቱ በእጅ ምልክት ሲግባቡ እኔ አስተርጓሚ መሆኔን አቁሜ የግድግዳውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመርኩ።

መርከብ ሲሰበር ከበሮ የሚመታ ልጅ በየጎዳናው ይሮጣል። ከበሮውን የሰማ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፤ ቀድሞ የደረሰ መቀመጫ ያገኛል። ለምን እንደሚሽቀዳደሙ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። እኛ አገር ጩኸት ሲሰማ ጎረቤቱ ሁሉ ጋቢውን እየጎተተ እንደሚወጣው አድርጌ ሳስበው ግን እንግዳ ነገር አልሆነብኝም።

በ78 ዓመት ውስጥ ከ500 በላይ ነፍስ አውጥታለች። ከቀዛፊዎቿ የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዊልያም ጋይ ይባላል። በ1836 የፈረንጅ ገና ዕለት "ካሮላይን" የምትባል የዴንማርክ መርከብ ለማዳን ሲሄዱ ማዕበል ጠርጎ ወሰደው። ሌላው ሰው ቤቱ የገና ምሳውን ሊቆርስ ሲቀመጥ መሆኑ ነው።

የዚህች ጀልባ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የያዘኝ ግን የ1864ቱ ነው። ያን ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ የነፍስ አድኑን ሥራ የያዘው፣ አር.ኤን.ኤል.አይ. የሚባለው ተቋም (በ1824 ነው የተመሠረተው) ለሬድካር አዲስ ጀልባ ላከ። አሮጌዋ ጊዜዋ አልፏል፣ ትፍረስ ተባለ፤ አናጢ ታዘዘ። አናጢው መዶሻውን ይዞ መጥቶ ሥራ ሲጀምር ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አባቶቻቸውን ያዳነች፣ አባቶቻቸው የቀዘፏት ጀልባ ናት፤ አትነካም አሉ። ነገሩ ወደ ጠብ ሊሄድ ሲል ተቋሙ ለቀቀ፤ ጀልባዋን ውሰዱ፣ ከአዲሱ ጀልባ ጋር ግን እንዳትፎካከሩ ብሎ ለከተማው ሰጠ። ከዚያም አሥራ ስድስት ዓመት ያህል ቆማ ቆየች። በ1880 ጥቅምት ላይ ማዕበሉ ሲያይልና ሌሎቹ ጀልባዎች ጉዳት ሲደርስባቸው፣ የ78 ዓመቷን አሮጊት አውጥተው "ሉና" ከምትባል መርከብ ሰባት ሰው ይዘው ተመለሱ። የመጨረሻ ሥራዋ ይህ ነው።

አናጢው የጀመረው መዶሻ የት ጋ እንዳረፈ ብፈልግ አላገኘሁትም።

ቅዳሜ፣ ዊትቢ

ከሬድካር ወደ ዊትቢ በአውቶቡስ ነው የሚኬደው። ፎቅ ላይ ከፊት ተቀመጥን፤ የሥራ ባልደረባዬ ያ መንገድ ላይ ጠመዝማዛውን እንዴት እንደሚይዘው እያየሁ ሙሉ ጉዞውን የሌለ የእግር ብሬክ ስረግጥ ሄድኩ።

ዊትቢ ወንዝ መሀሏን የሰነጠቃት፣ ጣሪያዎቿ ቀያይ የሆኑ ከተማ ናት። ከላይ ገደሉ ላይ የፈረሰ ገዳም አለ፤ ወደ እሱ የሚያወጣው 199 ደረጃ ነው። የእህቴ ልጅ ቆጠረው። እኔ መቶ ሠላሳው ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት።

እስካሁን ያየናቸው ጀልባዎች የመቅዘፊያ ብቻ ነበሩ። ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ግን መቅዘፊያም ሸራም ያላቸው፣ ሲገለበጡም ራሳቸውን የሚያቃኑ በዙ። ምክንያቱ ሌላ አደጋ ነው፦ በታኅሣሥ 1849 ሳውዝ ሺልድስ ላይ አንድ የነፍስ አድን ጀልባ ተገልብጦ መርከቦችን ወደ ወደብ እየመሩ ከሚያስገቡ 24 ሰዎች ሃያው አለቁ። በ1851 ለተሻለ ጀልባ መቶ ጊኒ ሽልማት ወጣ፤ 280 ያህል ሰው ተወዳደረ፤ ያሸነፈው ጀምስ ቢቺንግ የሚባል የግሬት ያርማውዝ ጀልባ ሠሪ ነበር። የእሱ ጀልባ ሲገለበጥ ራሱን ያቃናል። አዎ፣ ያ በአንድ ጊኒ የተሸኘው የዉድሃቭ ሐሳብ ነው፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ ዞሮ መጣ። የአሠራሩ ምስጢር ቀላል ነው፤ ከሥር ከባድ ብረት፣ ሁለቱ ጫፎች ላይ ደግሞ ከፍ ያሉ አየር የሞላባቸው ሣጥኖች። ጀልባው ሲገለበጥ ሣጥኖቹ ከውኃው በታች መቆየት አይችሉም፣ ብረቱም ከላይ መቆየት አይችልም፤ ስለዚህ ይዞራል። ሸራው ነፋስ ሲኖር የሰውን ጉልበት ያቆይለታል፤ ፍርስራሹ አጠገብ ሲደርሱ ሸራው ይወርድና መቅዘፊያ ይያዛል።

ዊትቢ ይህን ሁሉ የተማረችው በደም ነው። የካቲት 9 ቀን 1861 ማዕበሉ መርከብ በመርከብ ላይ ወደ ዳር እየጣለ ነበር። ያው አንድ የጀልባ ቡድን አምስት ጊዜ ወጥቶ አምስት ጊዜ ሰው ይዞ ተመለሰ። በስድስተኛው ጀልባቸው ተገለበጠ። አሥራ ሦስት ነበሩ፤ አሥራ ሁለቱ ከወደቡ ግንብ አጠገብ፣ ሕዝቡ እያያቸው አለቁ። የተረፈው ሄንሪ ፍሪማን ብቻ ነው፤ በነፍስ አድን ጀልባ ሲወጣ የመጀመሪያ ቀኑ ነበር። ከሌሎቹ የሚለየው አንድ ነገር ነው፦ በ1854 ካፒቴን ዋርድ የፈለሰፈውን አዲሱን የቡሽ ሰደርያ የለበሰ እሱ ብቻ ነበር።

የፍሪማን ፎቶግራፍ በየቦታው አለ። ፂማም፣ ክንዱን ያጣጠፈ፣ ኮስታራ ሰው፤ ደረቱ ላይ የቡሽ ቁርጥራጮች እንደ ጡብ ተደርድረዋል። የእህቴ ልጅ ፊቱ ቆሞ ቆየ።

"ለእኛ የሸጡልን ጃኬት ውስጡ ስፖንጅ ነበር" አለ። "ውኃ ሲነካው ይከብዳል።"

ከዚያ በላይ አልጨመረም። ፍሪማን ግን ከዚያ ቀን በኋላ ባሕሩን አልተወም፤ ከሃያ ዓመት በላይ የጀልባው መሪ ሆኖ ሠራ። እኔ ብሆን ጡብ ሥራዬ ላይ እቀመጥ ነበር፤ እሱ መጀመሪያ ጡብ ሠሪ ነበርና።

ዊትቢ ያቆየቻቸው የመቅዘፊያና የሸራ ጀልባዎች ሁለት ናቸው። አንደኛዋ "ሮበርት ኤንድ ኤለን ሮብሰን" ትባላለች፤ በ1918 ተሠርታ እስከ 1957 አገልግላለች። በዚህ ተቋም ታሪክ በሰው ጉልበት እየተቀዘፈች ሥራ ላይ የነበረች የመጨረሻዋ ጀልባ እሷ ናት። 1957! እናቴ ተወልዳለች። አውሮፕላን አዲስ አበባ እየገባ፣ እዚህ ደግሞ ሰዎች በክንዳቸው ወደ ማዕበል እየቀዘፉ ይገቡ ነበር።

ሁለተኛዋ "ዊልያም ራይሊ" ናት፤ በ1909 የተሠራች፣ አሥር ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት፣ ራሷን የምታቃና። ከዊትቢ አጠገብ አፕጋንግ በሚባል ቦታ አገልግላ፣ ቀጥሎ ዊትቢ መጥታ፣ በ1931 ጡረታ ወጣች። ከዚያ እንደ ብዙዎቹ እጅ በእጅ ተሸጠች። በ2005 ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዴቨን ውስጥ ፍርስራሽ ሆና ተገኘች። የዊትቢ ሰዎች አምጥተው፣ የበሰበሰውን ሳንቃ እየቀየሩ እንደገና ሠሯት፤ አሁን ውኃ ላይ ትወጣለች። ስለ እሷ ዋናውን ነገር ግን ለነገ አቆየሁት፤ ቦታው ላይ ሆነን እንዲሰማው ፈልጌ ነበር።

ማታ ፊሽ ኤንድ ቺፕስ ልንገዛ የገባንበት ሱቅ መክፈያው ላይ የተቋሙ ገንዘብ መሰብሰቢያ ሣጥን ነበር፤ ራሱ በጀልባ ቅርጽ የተሠራ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ። የእህቴ ልጅ ኪሱን ፈትሾ ሁለት ፓውንድ ጣለ። ወረፋውን ትተን ወጣ ካልን በኋላ "ቆይ መጣሁ" ብሎ ተመልሶ ገባ። ምን ያህል እንደጨመረ አልነገረኝም።

እሑድ፣ ከሶልትዊክ እስከ ሮቢን ሁድስ ቤይ

በገደሉ አፋፍ የሚሄደው የእግር መንገድ ከገዳሙ ተነሥቶ ወደ ደቡብ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጫማዬ አዲስ መሆኑን እዚህ ላይ መጥቀስ አለብኝ፤ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ተረከዜ ተላጠ። ከዚያ በኋላ ያለውን የምጽፈው እያነከስኩ ነው።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላን ሶልትዊክ ናብ ከሥራችን ታየ። ጥቁር፣ ዝቅ ያለ፣ ባሕሩ ውስጥ እንደ ተኛ እንስሳ የተዘረጋ ዐለት ነው። ጥቅምት 30 ቀን 1914 ከንጋቱ በፊት "ሮሂላ" የምትባል የሆስፒታል መርከብ እዚህ ላይ ወጣች። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከጀመረ ሦስት ወሩ ነበር፤ ወደ ዳንኪርክ ቁስለኞች ልታመጣ እየሄደች ሳለ፣ በጦርነቱ ምክንያት የባሕር ዳር መብራቶች ጠፍተው ነበር። 229 ሰው ተሳፍሯል። መርከቧ ተሰበረች።

ከዊትቢ "ጆን ፊልደን" የምትባለውን የመቅዘፊያ ጀልባ አመጡ። በባሕር መምጣት ስላልተቻለ ከወደቡ ግንብ በላይ በእጅ አሳልፈው፣ በዐለቱ ላይ ጎትተው አደረሷት፤ ገና ውኃ ሳትገባ ሆዷ ተቀደደ። በተቀደደ ሆዷ ሁለት ጊዜ ወጥታ 35 ሰው አመጣች፤ መጀመሪያ ሴቶቹን። ከሴቶቹ አንዷ ሜሪ ሮበርትስ ከ"ታይታኒክ" ከሁለት ዓመት በፊት ተርፋ የነበረች አስተናጋጅ ናት። ለሦስተኛ ጊዜ ለመውጣት ጀልባዋ አቅም አልነበራትም።

ያን ጊዜ ነው ዊልያም ራይሊን ያመጧት። ከከተማው ማዶ በጋሪ ጎትተው፣ መሀል ከተማውን አሳልፈው፣ እኛ እስከቆምንበት አፋፍ አደረሷት። ታች ለመውረድ መንገድ የለም። ገደሉ ስድሳ ሜትር ገደማ ነው። በመቶ የሚቆጠር ሰው ገመድ ይዞ፣ ጀልባዋን ከነጋሪዋ ቁልቁል ቀስ እያደረገ ለቀቃት።

የእህቴ ልጅ አፋፉ ላይ ተንበርክኮ ወደ ታች አየ፤ ሣሩ ካለቀ በኋላ ቀጥ ያለ ጥቁር ጭቃማ ዐለት ብቻ ነው።

"እኛ የምንገፋው ጀልባ ወደ ገደል ይወርዳል ብሎ ቢነግሩኝ አላምንም ነበር" አለ። (አነጋገሩ ሲቸኩል እንዲህ ነው፤ አላረምኩትም።)

መርከቧ በተሰበረች ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቀዘፉ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቀዘፉ፤ አልደረሱም። ማዕበሉ እየመለሰ ዳር ይጥላቸዋል፤ መርከቧ ላይ የቀሩት ያይዋቸዋል። ሌሎች ጀልባዎችም ከየአቅጣጫው ሞክረው አልቻሉም። በመጨረሻ ከታይንማውዝ "ሄንሪ ቨርነን" የተባለች የሞተር ጀልባ ተጠራች። ያለ መብራት፣ በጨለማ፣ ሰባ ኪሎ ሜትር በላይ መጣች። እሑድ ንጋት ላይ ማዕበሉን ለማብረድ ባሕሩ ላይ ዘይት አፈሰሰች፤ ዘይቱ ውኃውን ሲያለዝበው ዘልቃ ገብታ የቀሩትን ሃምሳ ሰዎች አወጣች። መርከቧ ከተሰበረች ሃምሳ ሰዓት ሆኖ ነበር። ከሰማንያ በላይ ሰው አልቋል።

ዊልያም ራይሊ ያን ቀን አንድም ሰው አላወጣችም። ይህን ነው ከትናንት ጀምሮ ይዤው የመጣሁት። ዴቨን ድረስ ሄደው፣ ሳንቃ በሳንቃ የሠሯት፣ ያልደረሰች ጀልባ ናት።

ሞተር ወደ ነፍስ አድን ጀልባ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ብዙ ዓሣ አጥማጆች አያምኑትም ነበር። ከሮሂላ በኋላ ስለ መቅዘፊያ መከራከር ከበዳቸው። ለእህቴ ልጅ ጥያቄ መልሱ ያለው እዚህ ዐለት ላይ ነው እላለሁ፦ ሞተር ሳይኖር በመቅዘፊያ ያወጡ ነበር፤ የማይችሉበት ቀንም ነበር።

ሮቢን ሁድስ ቤይ ስንደርስ ተረከዜ ደምቷል። ከመንደሩ በላይ፣ መንገዱ ዳር፣ አንድ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ። ጥር 18 ቀን 1881 "ቪዚተር" የምትባል መርከብ እዚህ ስትሰበር የመንደሩ ጀልባ መውጣት ስላልቻለ የዊትቢው ጀልባ በየብስ ተጎትቶ መጣ። ርቀቱ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል፣ በረዶው ከሁለት ሜትር በላይ፣ መንገዱ 150 ሜትር ወደ ላይ ይወጣል። ሁለት መቶ ሰው ከፊት በረዶ ይጠርጋል፤ አሥራ ስምንት ፈረሶች ይስባሉ፤ የመንደሩ ሰዎች ደግሞ ከታች በኩል እየጠረጉ ይመጣሉ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ጀልባው ባሕር ላይ ነበር። መጀመሪያ ሲወጡ መቅዘፊያዎቹ ተሰባበሩ፤ በሁለተኛው ስድስቱንም መርከበኞች ይዘው ተመለሱ። እኔ ያንኑ ያህል መንገድ በገደሉ አፋፍ፣ ያለ በረዶ፣ ያለ ጀልባ፣ በሰኔ ፀሐይ ሦስት ሰዓት ከሩብ ፈጅቶብኛል።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጥን። ጫማዬን አውልቄ ተረከዜን ሳይ፣ የእህቴ ልጅ ከታች የሚታየውን ባሕር ትኩር ብሎ ያያል።

"ጋሼ።"

"አቤት።"

"እኔም እንደነሱ ነበር የተቀመጥኩት። ጎማው ጠርዝ ላይ ቦታ አልነበረም፤ መሀል ላይ ጀርባዬን ወደምንሄድበት ሰጥቼ ነበር። የካሌን መብራት ነው ሳይ የነበረው። ጀልባው ሲመጣ እኔ አላየሁትም።"

ዝም አልኩ።

"ፊት ለፊቴ አንዲት ሴትዮ ልጇን አቅፋ ነበር። የአስመራ ሴት ናት። መጀመሪያ ያየሁት የሷን ፊት ነው። የሷ ፊት ሲለወጥ ነው ያወቅሁት።"

ጫማዬን መልሼ አጠለቅሁ። የዊትቢው አውቶቡስ ዳገቱን ሲወጣ ታየን፤ ሹፌሩ ሰላም አለኝ፤ ሰላም አልኩት።